ሮኪ ጥሬ ሥጋ የጀመረ ቀን

«ከእንግዲህ ትራፊ ለውሾቹ አይሰጥም፤ ሆዳቸውን ያበላሻል። እንዳይደፋ በለጥሽ ትበላዋለች» አለች ፀዳለ። የተናገረችው ለባሏ ለወንደሰን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቁርስ ላይ። በለጥሽ በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማ ነበር። ፀዳለ በክፋት አላለችውም። ስለ መብራት መጥፋት ወይም ስለ ሙቀቱ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረችው፤ ወንደሰንም ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «እሱ ይሻላል» አለ። በለጥሽ እዚያው ትንሽ ቆየችና ገና አሁን የደረሰች መስላ ገብታ ሻዩን ቀዳች። ለአቢጋኤል፣ ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃቸው፣ ስኳሩን አማሰለችላት፤ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ትናንት ማታ ለውሾቹ ብላ ያስቀመጠችውን የበቆሎ ገንፎ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ጠርዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መልሳ ከደነችው።

ጥሬ ሥጋው የወንደሰን ሐሳብ ነበር። ሐዋሳ ያለ ውሻ የሚያራባ ወዳጁ ለሁለት ወር ያህል ቪዲዮ ሲልክለት ከርሟል፤ ውሻ የተኩላ ዘር ነው፣ ጥርሱ ለእህል አልተሠራም፣ ጥሬ ሥጋ የጀመረ ውሻ ጠጉሩ እንደ ሐር ያበራል የሚል ነገር። በመጨረሻ ፀዳለ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፈችና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ለሮኪ በቀን አንድ ኪሎ፣ ለዳና ሰባት መቶ ግራም፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ትንሽ ጉበት፣ ለስላሳ አጥንት። ሮኪ ትልቁና ጥቁሩ ነው፤ ዳና የእሱ ግማሽ የምታህል ቀይ ሴት። ሁለቱንም ከካርቶን አውጥታ በጡጦ ያሳደገቻቸው በለጥሽ ናት። ማደሪያቸውም ከእሷ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሮኪ ሲገላበጥ ጀርባው ቆርቆሮውን ሲመታ ትሰማለች። ክፍሏ ጓሮ፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ነው። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ የአቢጋኤል የሕፃንነት አልጋ ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፎ። በሁለት አጥር መካከል፣ ክንድ በምታህል ክፍተት፣ የዓባያ ሐይቅ ይታያል፤ ጠዋት ቡናማ፣ ከሰዓት ደግሞ ብርማ ነው።

ወንደሰን የበለጥሽ አጎት ልጅ ነው። አቢጋኤል ስትወለድ «ፀዳለ ታርሳ እስክትነሣ ለጥቂት ወር» ብሎ ከጨንቻ አወረዳት። ሠራተኛ ስላልሆነች ደሞዝ የላትም፤ ዘመድ ስለሆነች ቀሚስ ይገዛላታል። እንግዳ ሲመጣ «ዘመዳችን ናት» ይባላል፣ እሷም ትሪውን ይዛ ጎንበስ ትላለች። መጀመሪያ ፀዳለን በስሟ ነበር የምትጠራት። መቼ «እትዬ» ማለት እንደጀመረች አታውቀውም፤ ማንም በይ አላላትም።

ከቁርስ በኋላ ፀዳለ ገንዘብና ወረቀቱን ሰጠቻት፤ በለጥሽም በባጃጅ ቤቱ ካለበት ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወረደች። ገበያው ገና ከጠዋቱ ይግላል። ክንፉ ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ አምስት ሰው ተሰልፏል፤ አንዲት እናት ሩብ ኪሎ አስመዝና፣ ጅማቱን አውጣልኝ ብላ ተከራክራ ሄደች። ኪሎው ዘጠኝ መቶ ገብቷል።

«እንግዳ አለባችሁ?» አላት ክንፉ የጠየቀችውን የበሬ ልብ ከመንጠቆው እያወረደ።

«ለውሾቹ ነው።»

ቢላዋውን አቆመ። «ጉበቱም?»

«ጉበቱ ትንሽ ነው» አለችና ወረቀቱን አሳየችው። አንብቦ ሳቀ፤ ከኋላዋ የተሰለፉትም ሳቁ። በለጥሽ ጥፋቱ የራሷ የሆነ ይመስል አንገቷን ደፋች። ክንፉ ሳቁን ሲጨርስ መዘነላት፤ በስተመጨረሻ በመጥረቢያ የተቆረጠ አጭር የጎድን አጥንት ጨመረበትና «ይሄ የኔ ነው፣ አልቆጠርኩትም» አላት። ፌስታሉን አንጠልጥላ ስትወጣ ከጣቶቿ ሥር ሥጋው ገና ለብ ያለ ነበር።

ከሥጋ ቤቱ ማዶ ወለቴ ሙዟን ደርድራ ተቀምጣለች። ወለቴ የጨንቻ የሰፈሯ ልጅ ናት። ከጫኖ ሙዝ በጅምላ ታመጣለች፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታለች። ባለፉት ሁለት ዓመታት በለጥሽን ባየች ቁጥር አንድ ነገር ትላታለች፣ ዛሬም አለቻት፦ «ነይ እንጂ፣ ሁለት ሆነን ብንሸጥ እኮ ሁለት ቦታ እንይዛለን።» በለጥሽም እንደ ሁልጊዜው «የአቢጋኤል ፈተና ይለፍና» አለች። ወለቴ የሥጋውን ፌስታል አይታ ለማን እንደሆነ ጠየቀች። ስትሰማ ከደረደረችው መካከል የበሰለውን አንድ ሙዝ ገንጥላ ሰጠቻት። በለጥሽ ባጃጅ ውስጥ ሆና በላችው። ከቁርስ ወዲህ የቀመሰችው እሱን ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንደሰን፣ ፀዳለና አቢጋኤል ለማየት ጓሮ ወጡ። ወንደሰን ስልኩን ለቀረጻ አዘጋጀ። በለጥሽ ሥጋውን በሚዛን መዝና ከትፋ በሁለት ሳህን አቀረበች። ዳና አሸተተችና ዞር አለች፤ ሮኪ ግን ሳያኝክ ነው የዋጠው። ልቡ በሁለት ጉርሻ አለቀ። እንዲህ ሲበላ በለጥሽ አይታው አታውቅም፤ ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሌላ እንስሳ ይመስላል። ፀዳለ የጎድን አጥንቱን ከፌስታሉ ውስጥ አይታ «ይሄስ?» አለች።

«ክንፉ የጨመረልን ነው። ጠንካራ ነው፣ እትዬ።»

«ጥርሱን ያጸዳለታል፣ ስጪው።»

ሰጠችው። ብዙ አልቆየም። ሮኪ ድንገት አፉን እንደ ከፈተ ቀረ፤ በፊት እግሩ አፍንጫውን ይቧጭር፣ ራሱን ከቆርቆሮው ጋር ያጋጭ ጀመር። ለሐጩ እንደ ሳሙና አረፋ ወረደ። አቢጋኤል ጮኸች። ወንደሰን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «ያዢው በለጥሽ! አንቺን ይሰማል!» አላት። በለጥሽ ተንበርክካ አንገቱን በብብቷ ሥር ያዘችና አፉ ውስጥ አየች። አጥንቱ ላንቃው ላይ፣ ከመንጋጋ እስከ መንጋጋ ተሰንቅሯል። «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» እያለች ቀኝ እጇን አስገባች። መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ፤ ወደ ጉሮሮው ገፋ አድርጋ ወደ ጎን ስትጠመዝዘው ተነቅሎ ወጣ። በዚያው ቅጽበት የሮኪ መንጋጋ ተዘጋ፤ ጥርሱ ከአውራ ጣቷ ሥር ገባ። ሲለቃት እሱም እንደ መደንገጥ ብሎ ወደ ማደሪያው ሸሸ።

«ደም! ሮኪዬ፣ ደም!» ብላ ፀዳለ ወደ ውሻው ሮጠች። ደሙ የሮኪ መስሏት ነበር። እርግጥ ድዱም ትንሽ ተቧጭሯል። የመኪናው በር ተከፈተ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ አንሶላ ተነጠፈ፣ ወንደሰን እንስሳት ሐኪሙ ጋ እየደወለ ሮኪን አቅፎ አስገባ። በለጥሽ የግቢውን በር ከፈተችላቸው፤ በግራ እጇ ነው የከፈተችው፣ ቀኙን በቀሚሷ ጠቅልላዋለች። ፀዳለ ከመኪናው መስኮት «በሳሙና ታጠቢው! ስንመለስ እናየዋለን» አለቻት። መኪናው ወጣ፣ በለጥሽም በሩን መልሳ ዘጋች።

ቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ ቁስሏን ስታጥብ አቢጋኤል ፎጣ ይዛ መጣች። የልጅቱ ፊት አመድ መስሏል። «በሊ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ። መምህራችን ውሻ የነከሰው ሰው የግድ መርፌ መወጋት አለበት ብሎናል።» በለጥሽ እስኪመለሱ ልጠብቅ አለች። «አሁን ሂጂ» አለች አቢጋኤል፤ እንባዋ መጣ። «እኔ ጎረቤት እነ ዳግም ቤት እሄዳለሁ።» ፎጣውን ራሷ ጠመጠመችላት። አንድ ጊዜ ላልቶ ወደቀ፣ ደግማ ጠመጠመችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ጠበቀች። ሲስተር ዓለሚቱ የምትባለው ነርስ ወፍራም፣ ድምጿ ሻካራ ሴት ናት፤ ቁስሉን ስታጥብ ግን እጇ ቀላል ነበር። አጥባ እንደጨረሰች ካርድ አወጣች። ሙሉ ስም። ዕድሜ፣ ሠላሳ አራት። ሥራ። ነርሷ ቀና ብላ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለቻት። «ቤት ነው ያለሁት፣ ከዘመዶቼ ጋር።» «ተቀጥረሽ ነው?» «አይ፣ ዘመድ ናቸው።» ነርሷ ጥቂት አሰበችና «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። በለጥሽ ቃሉን አየችው፤ ማስተካከል ፈለገች፣ በምን እንደምታስተካክለው ግን አላወቀችም።

«ውሻው የማን ነው?» ቀጠለች ነርሷ። «የቤት ውሻ ከሆነ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል፤ ደህና ከሆነ የቀረውን መርፌ እናቆምልሻለን። የመንገድ ውሻ ከሆነ ወይም ከጠፋ ግን ሁሉንም ትጨርሻለሽ፤ ቁስሉም ጥልቅ ነው፣ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ እሱ ደግሞ እዚህ የለም፤ ፈልገሽ ማግኘት አለብሽ። የክትባት ካርድ አለው?»

በለጥሽ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች። በወንደሰን ድምፅ ደስታ ይሰማ ነበር፤ ሮኪ ደህና ነው፣ አንድ መርፌ ብቻ ተወጋ፣ ወደ ቤት ነን አላት። ጤና ጣቢያ መሆኗን ነገረችው።

«የሮኪን የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ፣ ጋሼ።»

«ካርዱ… ጊዜው አልፎበታል። ስሚኝ በለጥሽ። መንገድ ላይ ነው የነከሰኝ በያቸው። የማን እንደሆነ አላውቅም በይ።»

«ምነው?»

«ያለፈው ወር የጎረቤቱን ሱሪ ቀድዶ ቀበሌ የጻፈልንን ወረቀት ረሳሽው? ሁለተኛ ከተከሰሰ አይምሩትም። እኔስ? በመሥሪያ ቤቴ ስሜ ምን ይባላል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘመድ አይደለሽም እንዴ? የቤት ነገር በቤት ነው የሚያልቀው።»

ኮሪደሩ ውስጥ አንድ አባት ያተኮሰውን ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። በለጥሽ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ የግድግዳውን ቀለም ታይ ነበር፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። እስከ ዛሬ የተጠየቀችውን ሁሉ እሺ ብላለች። ጨንቻ ያለው ወንድሟ ደበሌ ባለትዳርና ባለ አምስት ልጅ ነው፤ የእናቷ ቤት የእሱ ሆኗል፣ እዚያ ብትሄድ የምትተኛው ከልጆቹ ጋር ነው። ይህንንም ወንደሰን ያውቃል። እጇ በልብ ምቷ ልክ ይመታል። እሺም እምቢም ሳትል ስልኩን ዘጋችው።

«የቤት ውሻ ነው» አለች ስትገባ። «ክትባቱ አልፎበታል። ስሙ ሮኪ ነው።» የውሻውን ስም ማንም አልጠየቃትም ነበር። ነርሷ የቤቱን አድራሻ ጻፈች፣ የመጀመሪያውን መርፌ ክንዷ ላይ ወጋቻት፣ የሚቀጥሉትን ቀኖች ካርዱ ላይ አሰፈረች። ለባለቤቱ የሚሰጥ አንድ ወረቀትም ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት፦ ውሻው እስከ አሥረኛው ቀን ታስሮ ይቆይ፣ ከቦታው አይንቀሳቀስ፣ ሰኞ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል። «አደራ፣ ከዓይናችሁ አይጥፋ» አለቻት። «ምግብ እምቢ ካለ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ቶሎ ነይ።»

ስትወጣ ወደ ቤት የሚወስደውን ባጃጅ አልያዘችም። እግሯ ወለቴ ጋ ወሰዳት። ወለቴ የተጠቀለለውን እጅ አየች፣ ታሪኩን ሰማች፣ የሙዝ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠቻት። «በቃ ዛሬ እኔ ጋ እደሪ። ሻንጣሽን ሰኞ ሄጄ አመጣዋለሁ። ምን ሊሉኝ ነው?» በለጥሽ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ገበያውን አየችው። ከአሣ ሻጮቹ ኋላ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ ሚኒባሶች ጨንቻ፣ ሶዶ እያሉ ይጣራሉ። አንዲት ሴት መጥታ ስለ ሙዙ ዋጋ ጠየቀች፤ ወለቴ በሌላ ሰው ተይዛ ስለነበር በለጥሽ መለሰችላት፣ በግራ እጇም አንሥታ መዘነችላት። ሴትዮዋ ከፍላ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብላት ሄደች። ለዚያች ጥቂት ጊዜ ነገሩ ያለቀ፣ የተቆረጠ መሰላት። እዚሁ የምትሠራ፣ ማታ ከወለቴ ጋር የምትገባ ሰው ሆነች።

ስልኳ ጮኸ። አቢጋኤል ነበረች፣ በሹክሹክታ። «በሊ፣ አባዬ ሮኪን ጫኖ ሊወስደው ነው። ጋሽ ሀይሌ እርሻ። እስኪረሳ ድረስ እዚያ ይሁን ብሏል። አሁን መኪና ውስጥ እያስገቡት ነው።»

በለጥሽ ተነሣች። ወለቴ ቀሚሷን ያዘች፣ «ይውሰዱት፣ ላንቺ ምንሽ ነው?» አለቻት። በለጥሽ ወረቀቱን አሳየቻት። ወለቴ ማንበብ ስለማትችል በለጥሽ በቃሏ ነገረቻት፤ ውሻው ከጠፋ የእብድ ውሻ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት ጭራሽ አይታወቅም። የተናገረችው ወለቴን ለማስረዳት ነበር፤ ስትናገረው ግን ለራሷም ገና አሁን ገባት። ወለቴ ቀሚሷን ለቀቀች።

ባጃጁ ዳገቱን ጨርሶ ሲደርስ የግቢው በር ተከፍቶ መኪናው አፍንጫውን አውጥቷል። በለጥሽ ባጃጁ ሳይቆም ወረደችና በሩ መካከል ቆመች። ወንደሰን ክላክስ አደረገ። ከመስታወቱ ኋላ ሮኪ አንሶላው ላይ ተቀምጦ ያለከልካል።

«ዞር በይ» አላት ወንደሰን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

«ውሻው አይሄድም።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም፤ እሷም ራሷን እንዲህ ሰምታ አታውቅም። ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበለችው። አንብቦ ማኅተሙን በጣቱ ነካው። «ነገርሻቸው» አለ። «ነገርኳቸው» አለች። ፀዳለ ከውስጥ በፍጥነት መጣች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። «አሥራ አንድ ዓመት! ከልጃችን ሳንለይሽ!» አለች። ከልቧ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በለጥሽ ፊቷን አየችውና የምትለውን እንደምታምንበት አወቀች። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«እሱ ከጠፋ» አለች በመጨረሻ፣ የተጠቀለለውን እጇን ከፍ አድርጋ፣ «እኔ ደህና መሆኔን በምን አውቃለሁ? ንገሩኛ።»

የባጃጁ ሾፌር ሒሳቡን እየጠበቀ በጉጉት ያያል፤ ማዶ ካለው በረንዳ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ቆመዋል። ወንደሰን ሴቶቹን አያቸው፣ ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና የሮኪን ሰንሰለት ሊይዝ እጁን ሰደደ። ሮኪ ጥርሱን አሳየው። ጥሬ ሥጋው ይሁን መርፌው ወይ ድንጋጤው፣ ከዚያ በፊት ለእሱ ጥርሱን አሳይቶት አያውቅም። ወንደሰን እጁን መለሰ። በለጥሽ ጠጋ ብላ በግራ እጇ ሰንሰለቱን አነሣች፤ ውሻው ወርዶ የታሰረውን እጇን አሸተተና አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። ጓሮ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወስዳ አሰረችው። ከዚያ ለባጃጁ የሚከፈል እንደሌላት ትዝ አላትና ቆመች። አቢጋኤል ከጎረቤት በር ሮጣ መጥታ ከቦርሳዋ ከፈለችላት።

ወንደሰን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ፀዳለ ስልክ አወራች፤ በመስኮቱ «የገዛ ዘመዳችን» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ወጣ። በለጥሽ ማንጎው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሮኪን ስታየው ዋለች፤ ሲጠጣ ውኃውን መዋጡን፣ ሲያዛጋ መንጋጋው መዘጋቱን። እያንዳንዷ ነገር አዲስ ሆነችባት። ሰንሰለቱ ሦስት ሜትር ያህላል፤ ውሻው እስከ ጫፉ ሄዶ ይመለሳል፣ ድጋሚ ይሄዳል። ወለቴ ደወለች። «አሥር ቀን» አለቻት በለጥሽ። «እሱን የማይፈራ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።» ወለቴ «አንቺንም አብረው አሰሩሽ በይኛ» አለች። በለጥሽ አልሳቀችም። «ከአሥር ቀን በኋላስ?» አለች ወለቴ። ሐይቁ ከሁለቱ አጥሮች መካከል ግራጫ ሆኖ ነበር፤ «ያስቀመጥሽኝን ሣጥን አታንሺው» አለቻት በለጥሽ።

ሊመሽ ሲል ፀዳለ የሮኪን የማታ ሥጋ በሳህን ይዛ ወጣች። ውሻው ሲነሣ ደንግጣ ቆመች፤ ሳህኑን ሩቅ መሬት ላይ አስቀምጣ በእግሯ ወደ በለጥሽ ገፋ አደረገችው። ለመመለስ ዞረችና እንደገና ቆመች። ነገ እሑድ የእነ ፀዳለ የጸሎት ቡድን ተራ እዚህ ቤት ነው፤ ሃያ ሰው ይመጣል። የተጠቀለለውን እጅ ገና አሁን ያየችው ይመስል ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ሊጡ ተቦክቷል» አለች። «ነገ ማን ሊጋግረው ነው?»

በለጥሽ ሳህኑን በግራ እጇ ለሮኪ አቀረበችለት። ሲበላ አንገቱን አልነካችውም፤ ዓይኑን ብቻ ነበር የምታየው።

«እኔ እንጃ» አለች።